በብድር የሚነገድ አክሲዮን፦ በደሴና በኮምቦልቻ «ትሬዲንግ» የሚባለው ነገር በውስጡ ምን ይዟል?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ በድምሩ 9,900 ብር ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 2 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ደሴ ፒያሳ የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አክሲዮን መግዛት የሚችልበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በዚያው ስልክ ላይ ግን ሌላ ዓይነት መልእክትም ይደርሳል፤ በጥቂት ዶላር የአሜሪካን አክሲዮን በቀን ውስጥ ገዝቶ መሸጥ እንደሚቻል፣ ቀሪውን ገንዘብ ድርጅቱ እንደሚሞላ የሚናገር የቴሌግራም ማስታወቂያ።

ሁለቱ ነገሮች በወሬ ላይ ተቀላቅለዋል። የቴሌኮም አክሲዮን የገዛውም፣ በስልኩ ሰንጠረዥ እያየ በየሰዓቱ የሚገዛና የሚሸጠውም «አክሲዮን ውስጥ ነኝ» ይላል። የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተበዳሪ ነው፤ የተበደረበትን ውል ሳያነብ የፈረመ ተበዳሪ።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጦርነቱ ተጎድቷል፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል የሚሰጠው አጎዋም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተቋርጧል። በየዓመቱ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቀው ወጣት ሥራ ፈላጊ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በብር የተቀመጠ ቁጠባ በዶላር ሲለካ በእጅጉ አነሰ። በዶላር የሚገኝ ገቢ የሚያጓጓው በምክንያት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በስንፍና ወይም በስግብግብነት ከመፈረጅ ስሌቱን መመርመር ይሻላል።

ሦስት ነገሮች በአንድ ስም

«ትሬዲንግ» በሚለው ቃል ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይገባሉ።

አንደኛው በአዲስ አበባው ገበያ የሚደረግ የአክሲዮን ግዢ ነው። ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ከሱ ፈቃድ ሳይወስድ የካፒታል ገበያ አገልግሎት መስጠት አይቻልም። በቀን ውስጥ ገዝቶ መሸጥ ትርጉም የሚኖረው በየደቂቃው ገዢና ሻጭ ባለበት ገበያ ነው። የእኛው ገበያ ገና ጀማሪ፣ የተመዘገቡት ኩባንያዎችም ጥቂት ስለሆኑ ለዚህ ዓይነት ንግድ አይመችም።

ሁለተኛው በአሜሪካ ብሮከር፣ ማለትም ፈቃድ ባለው የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት፣ በኩል እውነተኛ አክሲዮን በብድር መግዛት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ሲኤፍዲ የሚባለው የዋጋ ልዩነት ውል ነው። እዚህ ላይ አክሲዮን አይገዛም። ደንበኛውና ድርጅቱ «ዋጋው ከወጣ አንተ ትከፍለኛለህ፣ ከወረደ እኔ እከፍልሃለሁ» ይዋዋላሉ። ብዙ ጊዜ የደንበኛው ኪሳራ የድርጅቱ ትርፍ ነው። በእኛ አካባቢ በ50 ወይም በ100 ዶላር ይጀመራል ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሦስተኛው ሲሆን፣ የሚነገርለት ግን እንደ ሁለተኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኤፍዲ ለተራ ደንበኛ አይሸጥም።

ማርጅን እንዴት ይሠራል?

ማርጅን ማለት ነጋዴው ከራሱ የሚያስይዘው ገንዘብ ነው፤ ቀሪውን ብሮከሩ ያበድራል፣ የተገዛው አክሲዮን ራሱ የብድሩ መያዣ ይሆናል። ብድሩ የግዢ አቅምን የሚያበዛበት ልክ ደግሞ ሌቨሬጅ ይባላል፤ 10,000 ዶላር ይዞ የ20,000 አክሲዮን የገዛ ሰው ሌቨሬጁ ሁለት እጥፍ ነው።

ነገሩን ከማሾ ንግድ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለስሌት እንዲቀል ኩንታሉን በ10,000 ብር፣ 100 ኩንታል ማሾ ገዛ እንበል። ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ ብድር ነው። ዋጋው ወደ 9,000 ቢወርድ 100,000 ብር በወረቀት ላይ ከስሯል፤ ከራሱ 500,000 ላይ ሲሰላ 20 ከመቶ ነው። ቢሆንም ማሾው መጋዘን ውስጥ አለ፣ የብድሩ ቀንም ገና ነው። እስኪመለስ ይጠብቃል። አበዳሪው በየቀኑ መጥቶ መጋዘኑን አይመዝንም።

የማርጅን አበዳሪ ግን በየሰከንዱ ይመዝናል። ዋጋው ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ መጋዘኑን ከፍቶ ራሱ ይሸጣል፤ ይህን እንዲያደርግ ተበዳሪው ሒሳቡን ሲከፍት ፈርሞለታል። ከዚህ በታች የሚመጣው ስሌት ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ በማርጅን የሚነግድ ሰው የመጠበቅ መብቱን ለአበዳሪው አሳልፎ ሰጥቷል። ስለ ኩባንያው ያለው ግምት ልክ ቢሆን እንኳ፣ ልክነቱ እስኪታይ የሚቆይበት ጊዜ በእጁ አይደለም።

የአሜሪካው ሕግ ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የዋጋውን 10 ከመቶ ብቻ ከፍሎ አክሲዮን መግዛት በኒውዮርክ የተለመደ ነበር። በ1929 ገበያው ሲወድቅ የብድር ሽያጩ ውድቀቱን አባባሰው። በ1934 የወጣው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሕግ የብድሩን መጠን የመወሰን ሥልጣን ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ለፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሰጠ። ባንኩ «ሬጉሌሽን ቲ» በሚባለው ደንብ የመነሻ ማርጅኑን 50 ከመቶ አድርጎታል፤ ከ1974 ጀምሮም አልተቀየረም። የ100 ዶላር አክሲዮን ለመግዛት ቢያንስ 50ው የራስ መሆን አለበት ማለት ነው።

ከግዢ በኋላ የሚሠራው ሌላ ቁጥር ነው። የብሮከሮች የራሳቸው ተቆጣጣሪ ድርጅት የሆነው ፊንራ የማቆያ ማርጅን (ከግዢ በኋላ የራስ ድርሻ ከሱ በታች መውረድ የሌለበት መጠን) ብሎ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 25 ከመቶ ነው። ብሮከሮች ከዚህ በላይ 30 ወይም 40 ከመቶ ይጠይቃሉ፣ ዋጋቸው በሚዋዥቅ አክሲዮኖች ላይ እስከ 100 ከመቶ ያደርሱታል፤ ይህንንም አስቀድመው ሳያስታውቁ መቀየር ይችላሉ። በጥር 2021 ጌምስቶፕ የተባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም መደብር አክሲዮን ሽቅብ ሲተኮስ አንዳንድ ብሮከሮች ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

በቀን ውስጥ ለሚነግዱ የተለየ ደንብ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ደንብ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ በዚያው ቀን ገዝቶ የሸጠን ሰው፣ ይህ ከጠቅላላ ግብይቱ ከ6 ከመቶ በላይ ከሆነ፣ «የዘወትር የቀን ነጋዴ» ይለው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሒሳቡ ላይ ቢያንስ 25,000 ዶላር እንዲይዝ ይጠየቅ ነበር፤ በምትኩ በቀን ውስጥ እስከ አራት እጥፍ መግዛት ይፈቀድለት ነበር። በመስከረም 2025 የፊንራ ቦርድ ይህን ደንብ በቀን ውስጥ ያለውን ስጋት በሚለካ ሌላ ሥርዓት ለመተካት ወስኗል። ስለዚህ 25,000 የሚለውን ቁጥር የሚጠቅስ ማንኛውም ትምህርት መቼ እንደተጻፈ ማየትና ብሮከሩ ራሱ አሁን የሚጠይቀውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ደንቡ ድሃውን ያገለለ ነው የሚል ጠንካራ ትችት ሲቀርብበት ቆይቷል። ትችቱ እውነት አለው፤ ሀብታሙ እንዲነግድ የተፈቀደለትን ትንሹ ተከልክሏልና። በሌላ በኩል የደንቡ መነሻ፣ በአራት እጥፍ ብድር የሚነግድ ሰው ትንሽ ስህተት እንኳ የሚችልበት ስንቅ ይኑረው የሚል ነው። 30,000 ዶላር ያለው ሰው የ120,000 አክሲዮን ገዝቶ ዋጋው 5 ከመቶ ቢወርድ 6,000 ይከስራል፤ ይህ ከራሱ ገንዘብ 20 ከመቶ ነው፣ የቀረው 24,000ም ከ25,000ው ወለል በታች ነው። አንድ የተለመደ መጥፎ ቀን ከጨዋታ ያስወጣዋል።

ማርጅን ኮል ሲመጣ

የሁለት እጥፉን ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተለው። 10,000 የራስ፣ 10,000 ብድር፣ በ100 ዶላር ዋጋ 200 አክሲዮን። ዋጋው 90 ሲደርስ አክሲዮኑ 18,000 ያወጣል፤ ብድሩ ሳይነካ 10,000 ስለሆነ የባለቤቱ ድርሻ 8,000 ነው። ዋጋው የወረደው 10 ከመቶ ሲሆን ባለቤቱ የከሰረው 20 ከመቶ ነው።

ማርጅን ኮል፣ ማለትም «ገንዘብ ጨምር» የሚለው ጥሪ፣ መቼ ይመጣል? ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብድሩን ከ1 ላይ የማቆያ ማርጅኑ ተቀንሶ ለሚቀረው ማካፈል፣ ከዚያ ለአክሲዮኑ ብዛት ማካፈል። በ25 ከመቶ 10,000 ለ0.75፣ ከዚያ ለ200 ሲካፈል 66.67 ዶላር ይሆናል። ብሮከሩ 40 ከመቶ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ጥሪው በ83.33 ላይ ይመጣል። ከመግዛት በፊት ይህን ዋጋ በወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ የማንኛውም የማርጅን ግዢ የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት፤ ብዙ ጀማሪ ግን የሚያሰላው የሚያተርፍበትን ዋጋ ብቻ ነው።

ዋጋው 65 ሲደርስ አክሲዮኑ 13,000፣ የባለቤቱ ድርሻ 3,000 ይሆናል። የሚፈለገው 25 ከመቶ 3,250 ስለሆነ 250 ዶላር ጎድሏል። በጥሬ ገንዘብ ከሞላ 250 ይበቃል። በሽያጭ የሚሞላ ከሆነ ግን 1,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን መሸጥ አለበት፤ 1,000 ተሽጦ ብድሩ 9,000 ሲደርስ፣ የቀረው አክሲዮን 12,000፣ የራስ ድርሻ 3,000፣ ልክ 25 ከመቶ ይሆናል። የጎደለውን አራት እጥፍ መሸጥ ማለት ነው፣ ያውም በወረደ ዋጋ። ሽያጩ ከብዙ ተበዳሪዎች በአንዴ ሲመጣ ዋጋውን ይበልጥ ይገፋዋል፤ የወረደው ዋጋ ደግሞ አዲስ ጥሪ ይወልዳል። ገበያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለ አዲስ ወሬ ሲንሸራተት ከኋላው ብዙ ጊዜ ይህ ሰንሰለት አለ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ብሮከሩ የመደወል ወይም ቀነ ገደብ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ጥሪው ጨዋነት ነው። ሳይጠራ መሸጥ ይችላል፣ የትኛው አክሲዮን እንደሚሸጥ የሚመርጠውም እሱ ነው። ሽያጩ ብድሩን ካልሸፈነ ቀሪው በተበዳሪው ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በፍራንኩ ላይ የነበረውን ገደብ በድንገት ሲያነሳ፣ ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ብሮከር ደንበኞቹ ካስያዙት በላይ ከስረው ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ እንዳለባቸው አስታውቆ ነበር። የተያዘው ገበያ የምንዛሪ ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው።

በተገላቢጦሽ፣ አክሲዮን ተበድሮ ሸጦ ዋጋው ሲወርድ ገዝቶ መመለስ «ሾርት» ይባላል። እዚህ ላይ ኪሳራው ወሰን የለውም፤ የተገዛ አክሲዮን ከዜሮ በታች አይወርድም፣ የተሸጠው ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊወጣ ይችላል። ለጀማሪ የሚሆን አይደለም።

ስቶፕ ሎስ የማያድንበት ጊዜ

«ስቶፕ ሎስ ካስቀመጥክ ዕዳው ገብስ ነው» የሚለው ምክር በሥልጠናዎች ሁሉ ይነገራል። ስቶፕ ሎስ ማለት ዋጋው የተወሰነ ቦታ ሲደርስ «ሽጥ» የሚል፣ አስቀድሞ የተሰጠ ትዕዛዝ ነው። ጠቃሚ ነው፤ የዋጋ ዋስትና ግን አይደለም። ልኩ ሲነካ ትዕዛዙ «በተገኘው ዋጋ ሽጥ» ወደሚል ይቀየራል። ስቶፑ 98 ላይ ሆኖ ቀጣዩ ገዢ በ94 ከተገኘ የሚሸጠው በ94 ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ፍሬን በተያዘበት ቦታ ላይ እንደማይቆም ሁሉ፣ ትልቅ ብድር የያዘ ሒሳብም ባሰበው ዋጋ ላይ አይቆምም። «ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥ» የሚል ገደብ ማከልም ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ጭራሽ ላይሸጥ ይችላል።

የካቲት 3 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ አክሲዮን በአንድ ቀን ወደ 26 ከመቶ ወደቀ። ዜናው የወጣው ከዋዜማው ገበያ መዘጋት በኋላ ስለነበር፣ መውደቁ የተጀመረው በመክፈቻው ዋጋ ላይ ነው፤ በመካከል የተቀመጡት ስቶፖች ሁሉ የተሸጡት ከታች ነው። በሁለት እጥፍ የያዘ ሰው ከራሱ ገንዘብ ግማሽ ያህሉን በአንድ ሌሊት አጣ።

የቀን ነጋዴ አያድርምና ይህ አይነካኝም ይል ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው በከሰረበት ቀን ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲል ኪሳራ ላይ ያለ ሰው «ነገ ይመለሳል» ብሎ ያሳድራል። በቀን የተፈቀደው አራት እጥፍ ግን ለአዳር አይፈቀድም፤ ወደ ሁለት እጥፍ ካልወረደ ብሮከሩ ራሱ ይሸጥለታል፣ ወይም በማግስቱ ጥሪ ይጠብቀዋል። በቀኑ ውስጥም ቢሆን አንድ አክሲዮን ከተፈቀደለት ክልል ሲወጣ ግብይቱ ለአምስት ደቂቃ ይቆማል፤ በዚያ ጊዜ መሸጥ የሚችል የለም።

ሌላው ስውር ነገር የስቶፑ ርቀትና የብድሩ ግንኙነት ነው። የታወቀው ደንብ በአንድ ግብይት ከሒሳቡ 1 ከመቶ በላይ ለኪሳራ አታጋልጥ ይላል። 10,000 ዶላር ላለው 100 ዶላር ነው። አክሲዮኑ 100 ዶላር ሆኖ ስቶፑ በ2 ዶላር ርቀት ከሆነ 50 አክሲዮን፣ 5,000 ዶላር ይገዛል፤ ብድር አያስፈልገውም። ስቶፑን ወደ 25 ሳንቲም ካጠበበው ግን ደንቡን ሳይጥስ 400 አክሲዮን፣ 40,000 ዶላር መግዛት ይችላል። በወረቀት ላይ ለኪሳራ ያጋለጠው ያው 100 ዶላር ነው። የ100 ዶላር አክሲዮን ግን ያለ ምንም ምክንያት በደቂቃ ውስጥ 25 ሳንቲም ወዲህ ወዲያ ይላል። ስቶፑ በተደጋጋሚ ይመታል፤ አንድ ቀን ዋጋው ስቶፑን ዘሎ በ2.50 ዶላር ቢወርድ ደግሞ ኪሳራው 100 ሳይሆን 1,000 ይሆናል። ብድር ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው፤ ጥንቃቄ መስሎ።

በትንሹ የሚያልቀው ገንዘብ

ኮሚሽን የለም የሚሉ መተግበሪያዎች አሉ። የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት (ስፕሬድ ይባላል) ግን ሁልጊዜ አለ። ደርሶ መልስ ወጪው ከጠቅላላው ግዢ 0.1 ከመቶ ብቻ ነው እንበል። በአራት እጥፍ ብድር ከራስ ገንዘብ ሲሰላ 0.4 ከመቶ ይሆናል። በቀን አምስት ጊዜ ከተነገደ 2 ከመቶ፣ በወር 20 የግብይት ቀን 40 ከመቶ። ይህ ነጋዴ በወር ከዋናው 40 ከመቶ የሚያህል ካላተረፈ ዋናውን እየበላ ነው ማለት ነው፤ አንድም መጥፎ ውሳኔ ሳይወስን።

በሲኤፍዲ አንድ ለመቶ በሚባለው ሌቨሬጅ ነገሩ የባሰ ነው። 200 ዶላር 20,000 ይሆናል፤ 0.1 ከመቶ ስፕሬድ 20 ዶላር፣ ማለትም ከተያዘው 10 ከመቶ፣ ገና በሩ ሲከፈት ይሄዳል። ዋጋው 1 ከመቶ በተቃራኒው ሲንቀሳቀስ ሒሳቡ ባዶ ነው። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ኤስማ እ.ኤ.አ. በ2018 በነጠላ አክሲዮኖች ላይ የሚፈቀደው ሌቨሬጅ ከአምስት እጥፍ እንዳያልፍ የገደበው፣ ከተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 ከመቶው እንደሚከስር ካየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛውን ሌቨሬጅ የሚያቀርቡት በአብዛኛው ቁጥጥር በላላባቸው ትንንሽ ደሴቶች የተመዘገቡ ድርጅቶች ናቸው፤ ለእኛ አገር ደንበኛ የሚከፈተውም በእነዚያ በኩል ነው።

የከሰረን መልሶ ማግኘትም እኩል መንገድ አይደለም። 20 ከመቶ የጠፋበት ሒሳብ ወደነበረበት ለመመለስ 25 ከመቶ ማትረፍ አለበት፤ ግማሹ ከጠፋ 100 ከመቶ።

ያተርፋሉ ወይ?

ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ችላ የሚባል አይደለም። ትንሽ ካፒታል ያለው ሰው ያለ ብድር ትርጉም ያለው ትርፍ አያገኝም፤ ማርጅን የገበያውን ገዢና ሻጭ ያበዛል፤ ክልከላ ቢበዛ ሰዉ ቁጥጥር ወደሌለበት ይሄዳል ይላሉ። የመጨረሻው በተለይ በእኛ አገር ሁኔታ ታይቷል። የሚያተርፉ ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነው።

ጥያቄው ምን ያህሉ ነው። በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአክሲዮን ኢንዴክስ ፊውቸርስ (በብዙ አክሲዮኖች የተጠቃለለ ዋጋ ላይ በሚደረግ የወደፊት ውል) የቀን ንግድ የጀመሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከ300 ቀን በላይ ከቀጠሉት 97 ከመቶው መክሰራቸውን፣ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያገኙት 1.1 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የህንድ ተቆጣጣሪ ሴቢ በ2024 ባወጣው ጥናት በቀን ውስጥ አክሲዮን ከሚነግዱ ግለሰቦች ከአሥር ሰባቱ ከስረዋል፤ ከ30 ዓመት በታች ባሉት ላይ 76 ከመቶ፣ በዓመት ከ500 ጊዜ በላይ በሚነግዱት ላይ 80 ከመቶ ነው። በታይዋን የተደረገው ረጅም ጥናትም ከወጪ በኋላ በተከታታይ የሚያተርፉት ከ1 ከመቶ በታች መሆናቸውን አግኝቷል።

«የከሰሩት ያልሠለጠኑ ጀማሪዎች ናቸው» ለሚለው መልሱ ብራዚል ላይ አለ፤ የተቆጠሩት ከዓመት በላይ የቆዩት ናቸው። የህንዱም ቁጥር ብዙ መነገድ ብዙ መማር እንዳልሆነ ያሳያል። አተርፍ ባይ አጉዳይ የሚለው የገበያ አባባል በእነዚህ ሠንጠረዦች ላይ በቁጥር ሰፍሯል።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲነገድ የሚጨመረው

የኒውዮርክ ገበያ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በእኛ ከቀኑ 10፡30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት ከ11፡30 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከሥራ መልስ ለመነገድ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ የሚቋረጠው ሰዓት አይመርጥም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተዘግቶ እንደነበረ ማንም አይረሳውም። ክፍት የብድር ግብይት ይዞ ግንኙነት የጠፋበት ሰው በጨለማ የሚነዳ ሾፌር ነው። ስቶፑ ስልኩ ላይ ባለ መተግበሪያ ሳይሆን ብሮከሩ ሰርቨር ላይ መቀመጡ፣ ብሮከሩ በስልክ ትዕዛዝ የሚቀበል መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

የምንዛሪው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ገንዘብ አውጥቶ በውጭ አክሲዮን መግዛት አይችልም። ስለዚህ ብዙው በጥቁር ገበያ ወይም በክሪፕቶ በኩል ይልካል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። ውጤቱ ድርብ ነው፤ በመግቢያም በመውጫም የዋጋ ልዩነት ይከፈላል፣ ድርጅቱ ገንዘቡን አልመልስም ቢል ደግሞ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። የጠፋውን ለማስመለስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ራሱ እንዴት እንደላከው ማስረዳት ይኖርበታል።

ወለድን በተመለከተ፣ የወሎ ሕዝብ ብዙው ሙስሊም እንደመሆኑ ጥያቄው በየመስጊዱ ደጅ ይነሳል። በዓለም ሙስሊም ሊግ ሥር ያለው የመካው የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 የማርጅን ግብይት አይፈቀድም ብሏል። ከምክንያቶቹ አንዱ በአዳር የሚከፈለው ወለድ፣ ሌላው አበዳሪው ግብይቱ በእሱ በኩል ብቻ እንዲሆን ማስገደዱና ከብድሩ ጥቅም ማግኘቱ ነው። «ኢስላሚክ አካውንት» ተብለው የሚቀርቡት ሒሳቦች የአዳር ወለዱን ያነሳሉ፤ በዚያው ቀን ለሚዘጋ ግብይት ብዙ ብሮከሮች ቀድሞም ወለድ አያስቡም። ሁለተኛው ምክንያት ግን በስም ለውጥ የሚነሳ አይደለም።

«ፈንድድ አካውንት» የሚባለውም እየተለመደ ነው። ተፈታኙ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ፣ በቀን 5 በጠቅላላው 10 ከመቶ ሳይከስር የተወሰነ ትርፍ ካሳየ የድርጅቱን ገንዘብ ይነግዳል ይባላል። በተለመደው አሠራር ፈተናው የሚሰጠው በልምምድ ሒሳብ ላይ ነው፤ ለብዙዎቹ ድርጅቶች ትልቁ ገቢ ከወደቁ ተፈታኞች የሚሰበሰበው ክፍያ ነው። ጥቅሙ ኪሳራው ከክፍያው አለማለፉ ነው፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ክፍያውን ደጋግሞ የሚከፍል ሰው ግን ድምሩን መያዝ አለበት።

ሒሳብ ከመክፈት በፊት የሚታዩ

የድርጅቱን ስም ሳይሆን ውሉ ላይ የሰፈረውን ሕጋዊ ስምና የተመዘገበበትን አገር ማየት ይቀድማል። አንድ የታወቀ ስም በለንደንም በሩቅ ደሴትም ሊመዘገብ ይችላል፤ ደንበኛው የሚጠበቀው በፈረመበት ቅርንጫፍ ሕግ ነው። የአሜሪካ ብሮከር ከሆነ በፊንራ «ብሮከርቼክ»፣ የእንግሊዝ ከሆነ በአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ በነጻ ይገኛል። በአገር ውስጥ አክሲዮን እሸጣለሁ ወይም የሰው ገንዘብ ሰብስቤ እነግዳለሁ የሚል ሰው ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማሳየት አለበት። በአሜሪካ ያለው ሲፒክ የተባለው መድን ብሮከሩ ቢወድቅ እስከ 500,000 ዶላር (ከዚህ ውስጥ ጥሬ ገንዘቡ እስከ 250,000) ይሸፍናል፤ የንግድ ኪሳራን አይሸፍንም።

ብሮከሮች ሒሳብ ሲከፈት «ካሽ» እና «ማርጅን» ብለው ያስመርጣሉ። ካሽ የተመረጠበት ሒሳብ ላይ ብድር የለም፣ ጥሪ የለም፣ አክሲዮኑ ቢወርድም የሚሸጥበትን ቀን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። መማር የሚፈልግ ሰው የሚጀምርበት ቦታ ይሄ ነው። ከሽያጭ የተገኘው ገንዘብ በማግስቱ ስለሚለቀቅ (ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ርክክቡ በአንድ ቀን ነው) በቀን ብዙ ጊዜ መነገድ አይቻልም፤ ለጀማሪ ይህ ገደብ የሚጎዳ አይደለም።

በመጨረሻ፣ በወሎ በተለይ የሚታይ ነገር አለ። እዚህ ሆኖ ሒሳብ መክፈት ሲያቅት በጅዳ ወይም በዋሽንግተን ባለ እህት ወይም ወንድም ስም ይከፈታል። በውሉ ፊት የሒሳቡ ባለቤትም ተበዳሪም ስሙ የተጻፈው ሰው ነው። የይለፍ ቃሉን ለሌላ መስጠት በብሮከሮቹ ውል የተከለከለ ስለሆነ ሒሳቡ በታወቀ ጊዜ ሊታገድ ይችላል። ትርፍ ከተገኘ ግብሩ የሚጠየቀው በእሷ ስም ነው፤ ሽያጩ ብድሩን ካልሸፈነም ቀሪው ዕዳ የሚላከው በእሷ አድራሻ ነው። በሰው ቤት ሠርታ ገንዘብ የምትልክ እህት፣ ደሴ ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት ለተሠራ ግብይት ተጠያቂ ትሆናለች። ስሟን ከመጠየቅ በፊት የማርጅን ውሉ ተተርጉሞ ሊነበብላት ይገባል።